ሂሉክስ ላይ ድርብ ማርሚታ፦ ከማስቆረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ፒካፕ ከኋላ ይታያል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት የሚያብረቀርቁ የጭስ ማውጫዎች ብቅ ብለዋል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው የስልካችሁ ስፒከር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ያጓራል። እኛም አይተን "ምነው የእኛ ሰፈር መኪና እንዲህ ቢጮህ" ብለናል፤ አንዋሽም።

አንድ ጓደኛችን ግን በማየት አላበቃም። ባለ 2.5 ሊትር ዲ-4ዲ ሂሉክስ አለው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ አዲስ አበባ ያስገባል፤ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚች መኪና ነው። አንድ ቀን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳትና "ድርብ ማርሚታ ሥሩልኝ" አለ። በግማሽ ቀን ተሠራለት። ፎቶ ላከልን፤ እኛም አጨበጨብን።

ሁለት ሳምንት አልሞላውም፣ ረዳቱ መንገድ ላይ ራሱን ያዘውና አስመለሰው። መጀመሪያ ምሳው ነው ተባለ። በሌላ ቀን ደገመው። መስኮት ሲከፈት ይሻለዋል፤ ሲዘጋ ይመለስበታል። ያኔ ነው ሁላችንም የነቃነው፦ ጭሱ ወደ ጋቢና እየገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ሁለተኛ በያጅ ጋ አብረን ወሰድናት፤ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመን አየን። ዛሬ የምንነግራችሁ እዚያ ያየነውንና የተማርነውን ነው። ፒካፕ ባይኖራችሁም አንብቡት፤ ነገ የምትሳፈሩበት ይሆናል።

ማርሚታ ምን ይሠራል?

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ እንዳሉት እንደ ቡሎን፣ እንደ ባሌስትራ፣ እንደ ስኮርታ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሙሉውን የጭስ መስመር "ማርሚታ" እንላለን። በትክክል ግን ማርሚታ ድምፅ የሚቀንሰው ሆድ ያለው ክፍል ነው፤ ከእሱ በፊትና በኋላ ያለው ቱቦ ነው።

መስመሩ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የተቃጠለውን ጋዝ ከሞተሩ አውጥቶ ከተሳፋሪው ማራቅ። ሁለተኛ፣ ድምፁን ማብረድ። ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሞተሩን እንዳያፍን መጠንቀቅ።

ምን ያህል ጋዝ ነው የምናወራው? ሒሳቡ ቀላል ነው። የጓደኛችን ሞተር 2,494 ሲሲ ነው። ባለ አራት ምት ስለሆነ በሁለት ዙር አንዴ ይህን ያህል አየር ይስባል። በደቂቃ 3,600 ዙር ሲዞር፣ ተርቦው የሚጨምረውን ሳንቆጥር፣ ወደ 4,500 ሊትር አየር በደቂቃ ይገባል። ተቃጥሎ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። ይህ ሁሉ ነው በአንዲት ቱቦ የሚወጣው።

ድርብ ማርሚታ ከየት መጣ?

ቪዲዮዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ፤ አብዛኞቹ መኪኖች የአሜሪካ ፒካፖች ናቸው። ፎርድ ኤፍ-150፣ ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ የመሳሰሉት። ብዙዎቹ ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ይዘዋል። እኛ አገር "ቪ ኤይት" ስንል ላንድክሩዘሯን ነው የምናስበው፤ ቃሉ ግን የሞተር ቅርጽ ስም ነው፦ አራት ሲሊንደር በግራ፣ አራት ሲሊንደር በቀኝ፣ በመሃል የ"ቪ" ቅርጽ።

እንዲህ ያለ ሞተር በተፈጥሮው ሁለት የጭስ መውጫ አለው፤ አንዱ ከግራ ጎን፣ አንዱ ከቀኝ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጎን የራሱን ቱቦና የራሱን ማርሚታ መስጠት ትርጉም አለው። እውነተኛ ድርብ የሚባለው ይህ ነው።

እሱም ቢሆን በመሃል መገናኛ ያስፈልገዋል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ቪ 8 ሞተሮች በአንዱ ጎን ያሉት ሲሊንደሮች እኩል ተራ ጠብቀው አይተነፍሱም፤ አንዳንዴ ሁለቱ ተከታትለው፣ አንዳንዴ ክፍተት ፈጥረው ነው። ያ "ጉልግል" የሚል ድምፅ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ግፊቱን ለማመጣጠን ሁለቱን ቱቦዎች በአጭር ድልድይ ያገናኟቸዋል፤ ኤች ፓይፕ ይባላል። ወይም ሁለቱ ተጠግተው ተነካክተው እንዲለያዩ ያደርጓቸዋል፤ ኤክስ ፓይፕ ይባላል። የመጀመሪያው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ቀጠን ያለና ፈጣን።

አሁን ወደ ሂሉክሳችን እንመለስ

የጓደኛችን ሞተር አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት ነው። አራቱም በአንድ ማኒፎልድ ይሰበሰባሉ። ከማኒፎልዱ በቀጥታ ወደ ተርቦ ይገባሉ። ከተርቦው የሚወጣው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያበቃው። ከአንድ ቀዳዳ የወጣን ጋዝ በኋላ ለሁለት ብትከፍሉት፣ እውነተኛ ድርብ አይሆንም። አንድ መንገድ ሆኖ መጨረሻ ላይ ሁለት በር ያለው ማለት ነው።

ድምፁስ? አራት ሲሊንደር በእኩል ተራ ነው የሚተነፍሱት፤ በየ180 ዲግሪው አንድ። ተርቦው ደግሞ ግፊቱን ተጠቅሞ ስለሚሽከረከር ምቱን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ሂሉክስ ላይ አሥር ማርሚታ ብትሰቅሉ የቪ 8 ድምፅ አይመጣም። ሁለት ጫፍ ስላለው ድምፁ እጥፍ ይሆናል የሚለውም ልክ አይደለም። ሁለት እኩል የድምፅ ምንጮች ቢደመሩ እንኳ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። እዚህ ደግሞ አንዱ ምንጭ ነው ለሁለት የተከፈለው። የመጀመሪያው ጋራዥ ሥራ የጮኸው ድርብ ስለሆነ አይደለም፤ የማርሚታውን ሆድ ቆርጠው ስለጣሉት ነው።

ጉልበት ይጨምራል ወይ?

ይህ ጥያቄ ሒሳብ ይፈልጋል፤ አትፍሩ፣ አጭር ነው።

2.5 ኢንች ስፋት ያለው አንድ ቱቦ ቀዳዳው 4.9 ካሬ ኢንች ገደማ ነው። እያንዳንዳቸው 1.75 ኢንች የሆኑ ሁለት ቱቦዎች ደግሞ ተደምረው 4.8። ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። የአንዱ ቱቦ ዙሪያ 7.9 ኢንች ነው፤ የሁለቱ ሲደመር 11። ጋዙ የሚታሸው በሰፊ ግድግዳ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ስፋት ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ከአንድ ወፍራም ቱቦ የተሻለ አያስተነፍስም። ክብደት ግን ይጨምራል፣ ብየዳ ይጨምራል፣ የሚያፈስበት ቦታም ይጨምራል።

ተርቦ ላለው ሞተር ከተርቦው በኋላ ያለው መንገድ ሰፊና ያልተጨናነቀ ሲሆን ነው የሚመቸው። ያን ደግሞ አንድ ጥሩ ቱቦ ያደርገዋል። ተርቦ ለሌለው የቤንዚን ሞተር ግን ከልክ በላይ ማስፋትም ጉዳት አለው፤ ጋዙ ፍጥነቱን ሲያጣ የሚቀጥለውን ሲሊንደር ጭስ ስቦ የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል፣ በዝቅተኛ ዙር መኪናው ይደክማል።

ባጭሩ ለሂሉክስ ድርብ ማርሚታ ለመልክ ነው። ለመልክ ማሠራት ነውር የለውም! ፀጉራችንንም የምንቆረጠው ለመልክ ነው። ግን ጉልበት ይጨምራል ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው፤ ወይም እሱም አያውቅም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ምን አጠፋ?

ሁለተኛው በያጅ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ስትቆም ባትሪ ይዘው ገቡና ዝም ብለው አዩ። ጓደኛችን "ጋሼ፣ እንዴት ነው?" ሲላቸው "ልጄ፣ ይሄ የውሃ ቧንቧ ነው እኮ" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦

አንደኛ፣ ቱቦው ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ነው። ላዩ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያሲዘዋል። ግድግዳውም ወፍራምና ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ጫፎች ከካሶኒው ሥር ነው የሚያልቁት፤ ከመኪናው ውጪ አይወጡም። ጭሱ ከሥር ይጠራቀማል፤ መኪናው ሲሄድ ከኋላ የሚፈጠረው የአየር መሳብ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ከጋቢናው ወለል ላይ አንድ የጎማ መሸፈኛ ወልቆ ነበር። በዚያ ነው የገባው።

ሦስተኛ፣ ቱቦው የሚከፈልበት ቦታ ላይ ብየዳው ሙሉ አይደለም። ዙሪያው ጥቁር ጥላሸት ይዟል። ይህን አስታውሱ፦ የጭስ መስመር ላይ ጥላሸት ያለበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ነው።

አራተኛ፣ በቀጥታ ሻንሲው ላይ በዘንግ ተበይዷል፤ ጎማ ማንጠልጠያ የለውም። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 3 ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይለጠጣል። ሞተሩም ራሱ ይንቀጠቀጣል። የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ የሚሰነጠቀው ብየዳው ነው።

ጭሱ የሚያሳስበው ለምንድን ነው?

ቤንዚን ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ። ብዙ ሰው እንቅልፉ ላይ ነው የሚቀረው።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ግን ዜሮ አይደለም። በዚያ ላይ ጥላሸቱና ሌሎቹ ጋዞች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ተርታ አስቀምጦታል። ረዳቱ ወጣት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጋቢና ውስጥ ነው የሚውለው። አንዳንዴም ተራ እስኪደርሳቸው ሞተር እየሠራ ይተኛል። እግዜር ነው ያተረፈው።

በደንብ ሲሠራ እንዴት ነው?

በያጁ መጀመሪያ ያነሱት ግራይንደር ሳይሆን ሜትር ነው። በፒካፕ ሥር ቦታ ያለ ይመስላል እንጂ የለም። በአንድ በኩል የነዳጅ ታንከር አለ፤ ፋብሪካው ቱቦውን ከታንከሩ ያራቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኋላ ዲፈረንሻሉና ባሌስትራው ይወርዳሉ ይወጣሉ። ከካሶኒው ሥር ስኮርታው ተንጠልጥሏል። የፍሬን ቱቦና ሽቦም አለ። ሁለተኛ ቱቦ የምታሳልፉት በእነዚህ ሁሉ መሃል ነው።

"ባዶዋን ሳይሆን ተጭና ነው የምትለካው" አሉ። ልክ ናቸው። ባዶ ሳለች ሰፊ የመሰለው ክፍተት 10 ኩንታል ሽንኩርት ሲጫንባት ይጠፋል፤ አክሱሉ ቱቦውን ይመታዋል።

የመረጡት መንገድ ይህ ነው፦ ከተርቦ ጀምሮ እስከ መሃል የነበረውን ኦርጅናል መስመር ሳይነኩ፣ አንድ መግቢያና ሁለት መውጫ ያለው ማርሚታ መግጠም። ከእሱ አንዱ ቱቦ በቀድሞው መንገድ ይሄዳል። ሌላው ከታንከሩ ኋላ ተሻግሮ፣ በስኮርታው ጎን ዞሮ ይወጣል። ሁለቱም ጫፎች ከመኪናው አካል አልፈው ወደ ውጪ ያያሉ።

ቀጥሎ ዕቃ። ተራ ብረት ርካሽ ነው ግን ይዝጋል። አልሙኒየም የተቀባ ብረት በጣም ይሻላል። ስቴንለስ ደግሞ ሁለት ዓይነት ይገኛል፦ 409 የሚባለው ላዩ ቡናማ ቢሆንም ይቆያል፤ 304 ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ያን ያህል ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ይበቃል። ጓደኛችን ሶማሌ ተራ ዞሮ ማርሚታውን ያገኘ ሲሆን፣ ቱቦውን አልሙኒየም የተቀባ አደረገው።

ዝገት ስንል ከውጪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ቱቦው ሳይሞቅ መኪናው ከቆመ ውሃው እዚያው ይቀራል። ጋዙ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ቱቦ ይበልጥ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ከውስጥ ቶሎ ይበላል።

ማጠፍ ሌላው ጣጣ ነው። ቱቦ ዝም ብሎ ሲታጠፍ ይጨፈለቃል፤ የከፈላችሁበት ስፋት ማጠፊያው ላይ ይጠፋል። ከውስጥ ደግፎ የሚያጥፍ ማሽን ካለ እሰየው። ከሌለ ደረቅ አሸዋ ሞልቶ፣ እያሞቁ ማጠፍ የቆየ ዘዴ ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። የእኛ በያጅ የመረጡት ዝግጁ ክርኖችን ገዝቶ መቀጠልን ነው።

ከዚያ ብየዳ። ከመጀመራቸው በፊት ያደረጉትን በቅደም ተከተል እንጻፈው፤ ጋራዥ ስትሄዱ ይህን ካላያችሁ ተቃወሙ፦

1. የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱ። የብየዳ ኮረንት የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል፤ ዲ-4ዲ ደግሞ ነዳጁን የሚያዘው በኮምፒውተር ነው።

2. የብየዳውን ኧርዝ የሚበየደው ቱቦ ላይ፣ ቅርብ አድርገው ያዙ። ኮረንቱ በኩሽኔታ በኩል ዞሮ እንዳይሄድ ነው።

3. እሳት ማጥፊያ አጠገባቸው አስቀመጡ።

4. መኪናዋ ሥር ጫፍ ጫፉን ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርገው ያዙት፤ ከዚያ አውርደው መሬት ላይ ሙሉውን በየዱት። ታንከር አጠገብ ሙሉ ብየዳ የለም።

5. በጎማ ማንጠልጠያ ሰቀሉት፤ በቡሎንና በጋስኬት አያያዙት። ነገ ስኮርታ ለማውረድ ወይም ታንከር ለመፍታት መቁረጥ እንዳያስፈልግ ነው።

6. ቱቦው ለታንከሩና ለፍሬን ቱቦው በሚጠጋበት ቦታ ላሜራ መከለያ አደረጉ።

መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተነሳ። በወፍራም ጓንትና በጨርቅ ሁለቱን ጫፎች ለጥቂት ሰከንድ ሲያፍኗቸው ጆሯችንን አዘንብለን ሰማን። "ሽሽሽ" የሚል ካለ ያፈሳል። አንድ ቦታ ተገኘ፤ ተደገመ። ጋቢናው ወለል ላይ ያለው ቀዳዳም በአዲስ ጎማ ተዘጋ።

ጎረቤትስ?

ይህን ሳናነሳ አናልፍም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከመቂ የሚገባ መኪና ሰፈሩን ሁሉ ቢቀሰቅስ የሚራገሙት ማርሚታውን ብቻ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም እንደ ብክለት ነው የሚያየው። በዚያ ላይ በየዓመቱ ቦሎ አለ። ሆዱ የተቆረጠ ማርሚታ ይዞ ምርመራ መሄድ ራስን ማጋለጥ ነው። ኦርጅናሉን ክፍል አትጣሉት፤ እቤት አስቀምጡት።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በእጁ ያለውን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። የሚሠራ መኪና ላይ ግራይንደር ከማንሳት በፊት ሁለቴ ማሰብ ያለብን ለዚህም ነው።

ታዲያ በመጨረሻ ምን ሆነ?

ሂሉክሷ አሁን ከኋላ ሁለት ጫፍ አላት፤ ታምራለች። ድምፇ ከኦርጅናሉ ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ አይጮህም። ጉልበቷ ያው ነው። ጓደኛችን ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። "መጀመሪያ ጠይቄ ቢሆን አንድ ጫፍ ይበቃኝ ነበር" ብሎናል፤ እየሳቀ ነው፣ ግን አልቀለደም።

ረዳቱ ደህና ነው። ራስ ምታቱ አልተመለሰም። አሁን መኪና ቆሞ ሲጠብቁ ሞተር ያጠፋል፤ መስኮቱንም ትንሽ ገርበብ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ መኪና ውስጥ ራሳችሁን ካመማችሁና ስትወርዱ ከተሻላችሁ፣ ምሳችሁን አትጠርጥሩ። ጎንበስ ብላችሁ ጥላሸት ፈልጉ።

ፒካፕ ላለው ጓደኛችሁ ላኩለት። መልካም መንገድ ቤተሰቦች!